የሳሳ ብርድ ልብስ

ጥቅምት 8 ቀን

አባዬ፣

እንደምን ከርመሃል? ደብዳቤህ የደረሰኝ ማክሰኞ ነው፤ እስከ ሐሙስ ሳልከፍተው ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። አንዴ ካነበብኩት ያልቅብኛል ብዬ ነው፤ አትሳቅብኝ። በስልክ ቢሆን አንተም «ደህና ነኝ»፣ እኔም «ደህና ነኝ» ብለን ነው የምንዘጋው። ወረቀት ይሻለናል ያልከው እውነትህን ነው።

«ለመሆኑ ቀኑን ሙሉ ምን ስትሠሪ ትውያለሽ?» ላልከው፣ ይኸውልህ። ድርጅቱ በጎርፍ ለተፈናቀሉ ሰዎች እርዳታ ያከፋፍላል፤ እኔ ዕቃው በሚገዛበት ክፍል በጎ ፈቃደኛ ረዳት ነኝ። ድንኳን፣ ጀሪካን፣ ሳሙና፣ ብርድ ልብስ። አንድ ነገር ሲፈለግ ለሦስት አቅራቢዎች እጽፋለሁ፤ መልሳቸውን ጎን ለጎን በሠንጠረዥ አሰልፋለሁ፤ የላኩትን ናሙና ቁጥር ለጥፌበት መደርደሪያ ላይ አስቀምጣለሁ። መወሰኑ የሌላ ሰው ነው፣ መፈረሙም የሌላ ሰው ነው። የእኔ ሥራ ማሰለፍ ነው።

ጠረጴዛዬ ኮሪደሩ ላይ፣ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ ነው። ወረቀት ሊያባዛ የሚመጣ ሁሉ ጀርባውን ሰጥቶኝ ስለሚቆም የሰዎቹን ፊት ሳላውቅ የኮታቸውን ጀርባ አውቄ ጨረስኩ። ቋንቋቸውን እየተኮላተፍኩ ነው። ባለፈው ስብሰባ ላይ «ሳሙናው ዘገየ» ልል ፈልጌ «ሳሙናው አረገዘ» ብያለሁ አሉ፤ እስከ ዓርብ ሲስቁብኝ ሰነበቱ።

«ሰው ለመድሽ ወይ?» ላልከው፣ ለምጃለሁ። የክፍሉ ኃላፊ ያለ ዕድሜው የሸበተ ደግ ሰው ነው። ጠዋት «እንዴት አደርሽ?» ብሎ ቆሞ መልሴን የሚጠብቅ እሱ ብቻ ነው። ሌሎቹም ጥሩ ናቸው፤ ሥራ ይበዛባቸዋል። የተከራየሁት ክፍል ከአንዲት ጡረተኛ መምህርት ቤት በስተኋላ ነው፤ መስኮቱ የሚያየው የጎረቤት ግድግዳ ነው። እሁድ እሁድ እስከ ድልድዩ በእግሬ እሄድና እመለሳለሁ።

አንተስ እሁድን እንዴት ነው የምታሳልፈው? ቤት ሰው ይመጣል? ደግሞ አንድ ነገር፣ እዚህ የዕቃ ሥራ ውስጥ ከገባሁ ወዲህ ነው ትዝ ያለኝ፤ አንተ ይህን ያህል የምትወደውን ሥራ ትተህ ለምን እንዲያ ቶሎ ጡረታ ወጣህ?

ልጅህ

•

ጥቅምት 27 ቀን

ልጄ፣ የዓይኔ ማረፊያ፣

ሳሙናው አረገዘ ያልሽውን አንብቤ ብቻዬን ሳቅሁ። ብቻውን የሚስቅ ሽማግሌ ጎረቤት ያስደነግጣልና ሁለተኛ እንዲህ ያለውን ስትጽፊ አስቀድመሽ አስጠንቅቂኝ።

ጥያቄዎችሽን በተራ ልመልስ፤ ሃያ ስድስት ዓመት የሆስፒታል ዕቃ ግምጃ ቤት የጠበቀ ሰው ያለ ዝርዝር አይሆንለትም። ጤናዬ ደህና ነው። ቤቱም ሰው አልጠፋበትም፤ የሚመጣው ይመጣል፣ የሚሄደው ይሄዳል። የበሩን ማጠፊያ ዘይት ቀባሁት፤ በር ብዙ ጊዜ ሳይከፈት ሲቀር ይዝጋል። የጓሮውን በር ማለቴ ነው። እሁድን ደግሞ እንደ ማንኛውም ቀን አሳልፈዋለሁ።

ስለ ሥራሽ ከነገርሽኝ ሁሉ ደስ ያለኝ የናሙናው መደርደሪያ ነው። ግን ናሙና ማለት በሠርጓ ቀን ያለች ሙሽራ ናት፤ ጠባይዋ የሚታወቀው ስትከርም ነው። ዕቃው ተጭኖ ሲመጣ እንደገና እዪው። ብርድ ልብስ ከሆነ ወደ ብርሃን ዘርጊው፤ ከወዲያ ማዶ ጣትሽ ከታየሽ ብርድ ልብስ ሳይሆን ወንፊት ነው። ከዚያ መዝኚው። ዓይን ይሸነገላል፣ ሚዛን ግን አይሸነገልም።

ቶሎ ጡረታ ስለወጣሁበት ምክንያት ጠይቀሻል። ደከመኝ፣ ወጣሁ። ወገቤንም ታውቂዋለሽ።

ምሳሽን ቆመሽ አትብዪ።

አባትሽ

•

ኅዳር 19 ቀን

አባዬ፣

ስላቆየሁብህ ይቅርታ። «ድምፅሽ ጠፋ» ብለህ የላክሃት አጭር ደብዳቤ ደርሳኛለች። ድምፄ የጠፋው የምለው ስላጣሁ አይደለም፤ እንዴት እንደምለው ስላልገባኝ ነው።

እዚህ ዝናቡም ብርዱም አንድ ላይ ገብተዋል። የተፈናቀሉት ሰዎች የተጠለሉት አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው፤ የሚተኙት ሲሚንቶ ላይ ነው። ለእነሱ ያዘዝነው አራት ሺህ ብርድ ልብስ ትናንት መጋዘን ገባ። እንዳልከኝ አንዱን አውጥቼ ወደ መስኮቱ ዘረጋሁት። ጣቴ ታየኝ። ሌላ ጥቅል ፈታሁ፣ ሌላም ፈታሁ። ከዚያ መዘንኩ። ናሙናው አንድ ኪሎ ከስምንት መቶ ግራም ነበር፤ የመጣው አንድ ኪሎ ከመቶ ነው።

ኃላፊውን ጠራሁት። ጨርቁን በሁለት ጣቱ ይዞ ዳበሰው።

«አውቃለሁ» አለኝ።

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ብንመልሰው ሌላው የሚመጣው ከወር በኋላ ነው። ውጪውን እዪው። የሳሳ ብርድ ልብስ ከባዶ ሲሚንቶ አይሻልም?»

«አቅራቢው ግን አታለለን እኮ።»

«አቅራቢውን በኋላ እንደርስበታለን። ዛሬ ሰዎቹ ይልበሱ።»

ተቆጥቶ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። አልተቆጣም። ምሳ ሰዓት ላይ እንደ ወትሮው ዳቦውን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ሰጠኝ።

ችግሩ ይህ ነው፤ የመረከቢያው ወረቀት ላይ «ከናሙናው ጋር ተመሳሳይ ሆኖ ተገኝቷል» የሚለውን የምጽፈው እኔ ነኝ። ፊርማው የዕቃ ተረካቢ ኮሚቴው ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን የእኔ ነው። ኮሚቴው ሐሙስ ይሰበሰባል። መልስህ እስከዚያ እንደማይደርስ አውቃለሁ፤ ብቻ ለአንተ ካልነገርኩ የምነግረው ሰው የለኝም። አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?

ልጅህ

•

ታኅሣሥ 1 ቀን

ልጄ፣

ደብዳቤሽን እዚያው ፖስታ ቤቱ አግዳሚ ላይ አነበብኩት፤ የምጽፍልሽም እዚያው ቁጭ ብዬ ነው። ረፍዶ ይሆናል። ካልረፈደ የተባልሽውን ጻፊ።

አንቺ እንግዳ ነሽ። ዘመድ የለሽም፣ ከጎንሽ የሚቆም የለሽም፣ ነገ ተመላሽ ነሽ። ኃላፊሽ ደግሞ ክፉ ሰው አይመስለኝም፤ የሚለውም ከእውነት የራቀ አይደለም። ልብሱ ይሳሳ፣ አንቺ ግን ሰላምሽን ይዘሽ ነዪልኝ።

እኔ ብሆን ምን እንደማደርግ ጠየቅሽኝ። ይህን አትጠይቂኝ።

አባትሽ

•

ታኅሣሥ 16 ቀን

አባዬ፣

ደብዳቤህ ረፍዶ ነው የደረሰው። ደግነቱ!

ያን ዓረፍተ ነገር ጻፍኩት። ከማተሚያ ማሽኑ አውጥቼ አነበብኩት፤ የእጅ ጽሑፌ ባይሆንም የእጄ ሥራ ሆኖ ታየኝ። ቀደድኩት። በምትኩ የናሙናውን ክብደት ከላይ፣ የመጣውን ክብደት ከታች ጻፍኩና አንዱን ለኮሚቴው፣ አንዱን ለድርጅቱ ቁጥጥር ክፍል ሰጠሁ። ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልጨመርኩም።

«ከዚያስ?» ማለትህ አይቀርም። ኮሚቴው አልፈረመም። አራቱ ሺህ ብርድ ልብስ ተመልሶ ተጫነ። ኃላፊው በየቀኑ ወደ ቁጥጥር ክፍሉ እየተጠራ ይጠየቃል። ጠዋት ሲያልፍ አሁንም «እንዴት አደርሽ?» ይለኛል፤ ቆሞ ግን አይጠብቅም። ሌሎቹ ወረቀት የሚያባዙት ፎቅ ወጥተው ነው። የኮሪደሩ ማሽን ምንም አልሆነም፤ እኔ ነኝ አጠገቡ ያለሁት። ዝናቡም አላባራም፤ ሰዎቹም ያለ ምንም ተኝተዋል። ይህንንም ያደረግሁት እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። መዝኚ ብለህ ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ ሚዛኑ ሲናገር ደግሞ ዝም በይ አልከኝ። የትኛውን አባቴን ልስማ?

በቁጣ መጻፌን አውቃለሁ። ይቅር በለኝ፤ ቀድጄ በሌላ እንዳልተካው ፖስታ ቤቱ ሊዘጋ ነው።

ልጅህ

•

ጥር 22 ቀን

አባዬ፣

ከዚያኛው በኋላ ሁለት ደብዳቤ ላክሁልህ፤ መልስ የለም። ቢቸግረኝ ጎረቤታችን ወይዘሮዋ ዘንድ ደወልኩ። «ደህና ነው፤ ትናንት ዳቦ ሲገዛ አይተነዋል» አሉኝ። ዳቦ መግዛት ከቻልክ መጻፍ አላቃተህም ማለት ነው፤ ስለዚህ አስቀይሜሃለሁ። ጥፋቴን ተቀብያለሁ። አሁን የምጽፍልህ ግን ይቅርታ ለመጠየቅ ብቻ አይደለም፤ ያየሁትን ለአንድ ሰው መንገር ስላለብኝ ነው።

አዲሱ ብርድ ልብስ የመጀመሪያው በተመለሰ በሠላሳ አራተኛው ቀን መጣ። መዘንኩት፤ ልክ ነው። ሲታደል የሰው ኃይል ስላነሰ እኔም ሄድኩ። የትምህርት ቤቱ ግቢ ጭቃ ነው፤ ሰዎቹ በክፍል በክፍል ተሰልፈው ቆመዋል። እኔ ስም ዝርዝሩን ይዤ፣ የመጋዘኑ ጠባቂ ልብሱን ያቀብላል። አንዲት እናት ዘንድ ደረስን፤ የእናቴ እኩያ ይሆናሉ። ዝርዝሩ ሁለት ሰው ስለሚል ሁለት ሰጠናቸው። አንዱን ትከሻቸው ላይ ጣሉ። ሌላውን አጣጥፈው መለሱልኝ።

«ሁለት ነው የሚደርስዎት፣ እማማ» አልኳቸው።

«የባለቤቴ ነበር» አሉኝ። «ከአሥር ቀን በፊት ቀበርነው። ደረቱን ነው ያመመው። ለሌላ ሰው ስጪው።»

እጄ ላይ አስቀመጡትና ለቀጣዩ ሰው ቦታ ለቀቁ። አልተቆጡኝም። ማን እንደሆንኩ በምን ያውቃሉ? ለነገሩ ያ ወንፊት የሆነው ብርድ ልብስ በጊዜው ቢደርስላቸው ባለቤታቸው ይተርፉ ነበር ወይ ብዬ የመጠለያውን የጤና ረዳት ጠየቅሁት። «ይህን ማንም ሊነግርሽ አይችልም» አለኝ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በልቤ የምጠይቀው ይህንኑ ብቻ ነው።

ኃላፊው ሰኞ ተሰናበተ፤ ወደ ሌላ ከተማ አዛውረውታል። ዕቃውን በካርቶን ይዞ ጠረጴዛዬ ጋ ቆመ።

«ከአቅራቢው አንዳች ነገር አልወሰድኩም» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«የቁጥጥር ክፍሉ ሰዎችም አጣርተው ያንኑ ደረሱበት። ብርዱን ፈርቼ ነው።»

«አውቃለሁ» አልኩ እንደገና።

«ሁለታችንም ልክ ነን ብዬ ራሴን ሳጽናና ነበር» አለኝ። «ግን ሁለታችንም ልክ ከሆንን እነዚያን ሰዎች ማነው ያስበረዳቸው?»

ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት እንዴት አደርሽ የሚለኝ የለም።

እባክህ ጻፍልኝ። ብትቆጣም ጻፍልኝ።

ልጅህ

•

የካቲት 6 ቀን

ልጄ፣

አላስቀየምሽኝም። የትኛውን አባቴን ልስማ ስትዪኝ የሚሰማ አባት አጣሁልሽ፤ ለዚህ ነው የዘገየሁት። ስድስት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ይህ ሰባተኛው ነው፤ ልጨርሰው።

ጡረታ አልወጣሁም። አባረሩኝ።

አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። አንድ መኪና ሙሉ ግሉኮስ መጣ፤ ለሕመምተኛ በደም ሥር የሚሰጠው። ካርቶኖቹ ፀሐይ ላይ የከረሙ ናቸው። አንዱን ጠርሙስ አንስቼ ስገለብጠው ውስጡ ደመና አለበት። «ፈርምና አስገባ፤ ክፍሎቹ ባዶ ናቸው» አሉኝ። አልፈርምም አልኩ። ለመኑኝ፣ አስፈራሩኝ፣ እንደገና ለመኑኝ። አልፈርምም አልኩ። ጭነቱ ተመለሰ። በሦስተኛው ወር እኔም ተመለስኩ፤ አሥራ ሁለት አንሶላ ጎደለብህ ተብዬ። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድ መርፌ ያልጎደለብኝ ሰውዬ፣ አንሶላ ሰረቀ ተባልኩ።

መከራከር ነበረብኝ ትዪ ይሆናል። እናትሽ ያን ጊዜ ታማ ነበር። የተኛችው እዚያው ሆስፒታል ነው። የማውቃቸው ሰዎች፣ በልጆቻቸው ሠርግ የጨፈርኩላቸው ሰዎች፣ ኮሪደሩ ላይ ሲያገኙኝ የያዙትን ወረቀት ማንበብ ይጀምሩ ነበር። ለቀብሯ ከእነሱ መካከል አንድ ሰው መጣ፤ እሱም አጥሩ ጋ ቆሞ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ይህን ቤት ያንኳኳ የለም። ሰው አልጠፋበትም ያልኩሽ ውሸት ነው። የዛገውም የፊት በሩ ነው።

እናትሽ የነገርኳት ቀን «ደግ አደረግህ» አለችኝ። እኔ ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ ብዙ ቀን «ብፈርም ኖሮ» ብያለሁ። ሥራዬ ይኖረኝ ነበር፤ በር የሚያንኳኳም አይጠፋም ነበር። የተረፈ ሰው መጥቶ አያመሰግን፤ መትረፉን መች አውቆት! ለዚህ ነው ዝም በይ ያልኩሽ። ልክ ስላልሆንሽ አይደለም። ልክ የሆነ ሰው የሚኖርበትን ቤት ስለማውቀው ነው፤ ጸጥታው አይለመድም።

ያንቺ ደግሞ ከእኔ ይከብዳል። እኔ የዳነውንም የሞተውንም አላየሁም፤ አንቺ የባለቤታቸውን ድርሻ አጣጥፈው የመለሱትን ሴት አየሻቸው። ጥሩ አደረግሽ ብልሽ ለእሳቸው አይጠቅምም፤ ተሳሳትሽ ብልሽ ደግሞ እዋሻለሁ። ብቻ አብሬሽ ልከፋ እችላለሁ። እሱን ከልቤ አደርጋለሁ።

አባትሽ

•

መጋቢት 2 ቀን

አባዬ፣

ደብዳቤህን ድልድዩ ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት። አንድ ሽማግሌ መንገደኛ «ምነው፣ መጥፎ ወሬ ነው?» አሉኝ። «አይደለም፤ የቆየ ወሬ ነው» አልኳቸው።

አሁን የእኔን ስማ። አሥራ ሦስት ዓመቴ ሳለ ቤት መዋልህ ያሳፍረኝ ነበር። የክፍል ጓደኞቼ «አባትሽ ምን ይሠራል?» ሲሉኝ «ታሟል» እል ነበር። በመስኮት ሆነህ ስትጠብቀኝ እንዳያዩህ በጓሮ በር እገባ ነበር፤ መንገድ ያሳጥርልኛል ያልኩህ ውሸት ነው። አንተ ምክንያቱን ደብቀኸኝ፣ እኔ ማፈሬን ደብቄህ፣ አሥር ዓመት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ «ጨው አቀብለኝ»፣ «ጨው አቀብዪኝ» ስንባባል ኖርን። ዛሬ የማፍረው በዚያ ማፈሬ ነው።

«ከደበቅሽኝ ነገር የቀረ አለ?» ብለህ ባትጠይቅም አለ። በታኅሣሥ መጨረሻ ታምሜ ነበር። ሳልነግርህ ዳንኩ። ስድስት ቀን ከሥራ ቀርቼ ከቢሮ የደወለልኝ የመጋዘኑ ጠባቂ ብቻ ነው፤ እሱም የመጋዘኑ ሚዛን ባትሪ የት እንዳለ ለመጠየቅ። አከራዬ መምህርቷ ሻይ በር ላይ አስቀምጠው ይሄዱ ነበር። ሰው ለምጃለሁ ያልኩህም ኮታቸውን ለመድኩ ለማለት ነው።

ጊዜዬ በሚያዝያ መጀመሪያ ያልቃል። እንዲራዘምልኝ አመልክቼ ነበር። «ለአገልግሎትሽ እናመሰግናለን» የሚል የሚያምር ደብዳቤ ሰጡኝ። ቅሬታ የለኝም፤ ትንሽ ብቻ አለኝ። እኚያን እናት ግን ሳልሰናበት አልመጣም ብዬ መጠለያው ሄድኩ። ዘመድ ዘንድ ሄደዋል አሉኝ፤ የት እንደሆነ የሚያውቅ አላገኘሁም። ምን ልላቸው እንደነበር እኔም አላውቅም።

ሚያዝያ 12 ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ነው አውቶቡሱ የሚገባው። ቤት አጸዳለሁ ብለህ ወገብህን እንዳትጎዳ።

ልጅህ

•

ሚያዝያ 12 ቀን

ልጄ፣

ይህን በፖስታ አልልከውም። ጠረጴዛው ላይ ነው የማስቀምጠው።

ባለፈው ሳምንት ሆስፒታሉ ሄጄ ነበር። ለምን እንደሄድኩ አትጠይቂኝ ልል ነበር፤ አሁን ግን ጠይቂኝ ማለት መልመድ አለብኝ። ያን አጥሩ ጋ ቆሞ የሄደውን ሰው ፈልጌ ነው። ዘበኛው ወጣት ነው፤ «ማንን ፈለጉ አባት?» አለኝ። ስሙን ነገርኩት። ከሁለት ዓመት በፊት አርፏል። ለምን እንዳልገባ ልጠይቀው ነበር፤ ምናልባትም ስለመጣ ላመሰግነው። ትንሽ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ መጣሁ። የሚያውቀኝ ሰው አላለፈም።

ስመለስ በመንገድ ላይ ያሰብኩት አንቺን ነው። ዛሬ ከጣቢያው ስንመጣ ምን እንደሚሆን አውቀዋለሁ። እኔ «መንገዱ እንዴት ነበር?» እልሻለሁ፤ አንቺ «ደህና ነበር» ትያለሽ። ከዚያ እኔ ስለሚያፈሰው ጣራ አወራለሁ። አንቺም ደክሞኛል ብለሽ ክፍልሽ ትገቢያለሽ። በወረቀት ያገኘነውን ፊት ለፊት ልናጣው ነው ብዬ ፈራሁ። ላንቺ የጻፍኩትን ያህል በሕይወቴ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለእናትሽም ቢሆን። አፌ ደግሞ እንደ እጄ አይደለም፤ ታውቂዋለሽ።

ስለዚህ ስትገቢ መጀመሪያ ይህን አንብቢ። እኔ ሻይ እየጣድኩ እጠብቃለሁ። ስትጨርሺ የፈለግሽውን ጠይቂኝ፤ ስለ ሥራውም፣ ስለ እናትሽም፣ ስለዚያ ደመናማ ጠርሙስም። አላመልጥሽም። ከዚያ እኔም እጠይቅሻለሁ፤ ስለ ታመምሽባቸው ስድስት ቀናት እንድትነግሪኝ እፈልጋለሁ፣ አንድ በአንድ።

ጣቢያው ከዚህ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። አውቶቡሱ የሚገባው ስምንት ሰዓት ነው፤ አሁን አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ልሂድ፣ እንዳይረፍድብኝ።

አባትሽ